በእጄ ሥር የተጠራ ስም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአውራጃው ሯጮች አሰልጣኝ ቅቤዬን አሽትቶ፣ «እትዬ ጥሩ፣ እግር ሊያሹ ነው ወይስ ወጥ ሊሠሩ?» አለኝ። ሯጮቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጊዜው የደርግ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ወጌሻነቱን ግን ከእናቴ እጅ ወስጃለሁ።

የወለቀ እመልሳለሁ፣ የዞረ ጅማት አሻለሁ፣ የተሰበረ በቀርከሃ አስራለሁ። ከላሊበላ ኮን፣ ከኮን ወገል ጤና ከሯጮቹ ጋር ስዞር ኖርኩ። ድሮም እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም።

የእናቴ ደንብ አንድ ነው። እጄ እግር ላይ ሲያርፍ፣ ባለ እግሩ ለዚያ ቀን ያደረሰውን አንድ ሰው በስም ያመሰግናል። ስንቅ የቋጠረችለትን ይሁን፣ መንገድ ያሳየውን። ስም ሲጠራ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ሥጋውም ይላላል።

አሰልጣኙ ካድሬ ሰምቶ ጸሎት ነው እንዳይል ፈራ። ሰው የሰው ስም ቢጠራ ምን ነውር አለው ብዬ መለስኩለት።

ከሯጮቹ ሁሉ የምትናፍቀኝ ዘነበች ናት፤ የነአኩቶ ለአብ ሰፈር ልጅ። ለደሴው ውድድር ማጣሪያ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ልምምድ ላይ ጓደኛዋ አለሚቱ መታጠፊያው ጋ ስትጋፋት ወደቀችና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ያችው አለሚቱ አዝላ አቀበቱን አወጣቻት።

«ማንን ታመሰግኛለሽ?» አልኳት።

«ማንንም።»

እግሯ እንደ ሞፈር ደረቀ፣ እጄ አልገባ አለ። በማግስቱም እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ፊቷን አዙራ፣ «ያዘለችኝን» አለች።

«ስም የላትም?»

«አለሚቱ። ጀርባዋ ግን አጥንት ብቻ ነው፤ ደረቴን ወጋኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እግሯ ያኔ ለቀቀ።

ማጣሪያውን ሮጠች። ሦስት ሰው ሲወሰድ እሷ አራተኛ ወጣች፤ አለሚቱ አለፈች። ዘነበች እያነከሰች መጥታ ፊቴ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። ሳልጠይቃት፣ «እትዬ ጥሩን» አለች።

በዚያ ሁሉ ዓመት ለምስጋና የእኔን ስም የጠራ አልነበረም።

ኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ቡድኑም ተበተነ። ዘነበች የት እንደገባች አላውቅም። ዛሬም ኮን ገበያ ቀጠን ያለች ሴት ካየሁ፣ ከፊቷ በፊት ቁርጭምጭሚቷን አያለሁ።

አሁን የራሴን ጉልበት ሳሽ የዘነበችን ስም እጠራለሁ። ጉልበቴ አልዳነም። ምስጋና አጥንት አይጠግንም። የተቋጠረ ሥጋ ያላላል፤ የቀረው የወጌሻ ሥራ ነው።