የግሪሳ ሰሞን ግምገማ

ያሰሩኝ ስለ ቻይና በማውራቴ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ወጣቶች ማዕከል ውስጥ፣ ሃያ ለማይሞሉ ሰዎች፣ ቻይናዎች በአብዮታቸው ዘመን እንዴት ይኖሩ እንደነበር ተናገርኩ። በየመንደሩ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ስለሚለፈልፈው ድምፅ ማጉያ፣ ለአገር ብረት ይሆናል ተብሎ ስለቀለጠው ድስት፣ ሚስት ባሏን ስለምታጋልጥበት ስብሰባ። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ የጠበቀኝ ካድሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«ማንን ለማለት ነው?»

«ቻይናዎችን።»

«እኛን ሞኝ አታድርገን!»

አንዴም ስማቸውን አልጠራሁም። ራሳቸውን እዚያ ውስጥ ያዩት እነሱ ናቸው።

የገባሁበት ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ገና ዓይን ይቆጠቁጣል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። አጠገቤ የሚተኛው በዕድሜ የሚበልጠኝ የአምባሰል ገበሬ ነው። ጥፋቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ትቶ ቀብር መሄዱ ነበር፤ የአምስቱ ጠርናፊ ጠቆመበት። እሱን የሚያስጨንቀው ግን እስሩ አልነበረም። ማሽላው ደርሷል፣ ግሪሳ ወርዷል፣ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮህ ሰው ቤቱ የለም።

ቻይናዎች ወፍ እህል ጨረሰ ብለው ሕዝቡን ሁሉ ከቤት አስወጥተው፣ ድስትና ከበሮ እያስመቱ፣ ወፎቹ ማረፊያ አጥተው እስኪወድቁ ድረስ እንዳሳደዱ ነገርኩት። ከዚያ ተባዩ በዛ፣ ረሃብ መጣ።

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለ። «እኔ ግሪሳን ከማሳዬ ነው የማባርረው፤ ከዱንያ አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካድሬው ወንበር አስመጥቶ ግምገማ ከፈተ። መጀመሪያ ግለ ሂስ፣ ቀጥሎ ሌላውን መሄስ። ይህን ሥርዓት ከነአመጣጡ አንብቤዋለሁ። ንባቤ የጠቀመኝ ተራዬ ሲደርስ ነው፤ ተነስቼ «የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ተጠናውቶኝ» ብዬ ጀመርኩ፣ አሳምሬም ጨረስኩ። ሌላ ሰው እንድጠቁም እንኳ አልጠየቁኝም። የተማረ ሰው ራሱን ሲያዋርድ ማየት በቂያቸው ነበር።

ከዚያ ገበሬውን አስነሳው።

«አያ፣ ማሽላዎ እያለቀ ነው አሉ። ይሄ ሰውዬ እዚህም ያወራል አይደል? ያወራውን ይንገሩንና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

ገበሬው ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከለ።

«እኔ የራሴን ነው የማውቅ። ጎረቤቴ ሞተ፣ ቀበርኩት። ነገም ሰው ቢሞት እሄዳለሁ። ስብሰባው ይቅር ይበለኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ስለሱ ነው የጠየቅኩዎት!»

«አብሮኝ ቁራሽ የቆረሰ ሰው ነው። የሱን አፍ እኔ አልጠብቅም» አለና ተቀመጠ።

እኔ በዚያው ቀን ተፈታሁ። ስወጣ ገበሬው «አብሽር» አለኝ። ማን ማንን ማጽናናት እንደነበረበት እስካሁን ያሳፍረኛል። እሱ አንድ ወር ቆየ። ግሪሳ ለአንድ ማሳ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

ካድሬው ዛሬ በሌላ ስብሰባ ላይ «ያ ጊዜ ስህተት ነበር» ይላል፤ ይጨበጨብለታል። የሰውየውን ማሽላ ያነሳ ግን አልሰማሁም። የሚያበግነኝ የራሴ ነገርም አለ። ስለ ቻይና ያነበብኩት ሁሉ እነማን እንዳጋለጡ፣ እነማን ራሳቸውን እንደረገሙ ይተርካል፤ እኔም ሰው ሲጨንቀው ያው ነው ብዬ አምኜ ነበር። እዚያም በየመንደሩ ተነስተው የራሳቸውን ብቻ ተናግረው የተቀመጡ ገበሬዎች እንደነበሩ አሁን አልጠራጠርም። ቃላቸውን ማንም አልጻፈውም። በመዝገብ የቀረነው አሳምረን የተናዘዝነው ነን።