ዘይቱን ይዤ ወደ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2008፣ ንጋት 12 ሰዓት

ዛሬ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ ይዘጋል የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ስልኩን ያያል። እኔ የማስበው ስለ ዘይቱን፣ በጠርሙስ ስለሚሸጠው የወይራ ፍሬ ነው። ቤይሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው እኅቴ ሂሩት ዛሬ ትፈተናለች። አንድ የሱሉልታ ባለሆቴል የጾም ቁርስ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ በዘጠኝ ሰዓት ቤቷ መጥቶ የዘይቱን ማባያዋን ይቀምሳል። ዘይቱኑን ገዝቶ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት፣ "መሬትህ ካርታው ላይ መንገድ ሆኗል አሉኝ" አሉ። "እኔ ግን ትናንት ጤፍ አጭጄበታለሁ።"



ቡራዩ፣ 3 ሰዓት

የሐጂ ሙሳ ሱቅ በሩ ገርበብ ብሏል።

"ሐጂ፣ ዘይቱን አለዎት?"

"አንድ ጠርሙስ ቀርታኛለች። ለምንህ ነው?"

"እኅቴ ሥራ ልትገባበት ነው።"

"እንግዲያ ሎሚው ምርቃት ነው። አላህ ያቅናላት። በል ቶሎ ውጣ፣ ልዘጋ ነው!"

ሱሉልታ መግቢያ፣ 5 ሰዓት ተኩል

ከእንጦጦ ወዲያ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ። ታክሲው ቆመ። ማርቆስ የሚባል የወላይታ ልጅ በባጃጁ በውስጥ ለውስጥ ሊያደርሰኝ ተስማማ፤ መንገድ የዘጉት እንዲያሳልፉት መስታወቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስሯል። መታጠፊያው ላይ ወጣቶች አስቆሙን። አንዱ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና፣

"ምንድን ነው? የፍየል በጠጥ?" አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አሳለፉን።

የእኅቴ ግቢ፣ 7 ሰዓት

ሂሩት ዘይቱኑን በብርጭቆ ቂጥ እየተጫነች ዘሩን አወጣች። ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው፤ ሎሚ ጨመቀች፣ ዘይት ጠብ አደረገች። ከዚያ እጇ እንደለመደው ጨው በተነችበት። ዘይቱኑ ጨው ውሃ ውስጥ መክረሙ ትዝ ያላት ከበተነች በኋላ ነው።

ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ እንጾማለን። ማን ይቅመስ? መንገዱ ተዘግቶበት ደጃፉ ላይ ወደ ተቀመጠው ማርቆስ ዞረች።

"አንተ፣ ጴንጤ ነህ አይደል?"

"ነኝ፤ ምነው?"

"ና ቅመስልኝ!"

ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። "እኅቴ፣ አሞሌ ነው ያላስሽኝ!"

ሂሩት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ጠርሙስ የለም፤ ወደ ቡራዩም መመለሻ የለም።

"እናቴ ወጥ ጨው ሲበዛበት ድንች ትጨምርበታለች" አለ ማርቆስ ውሃ እየጠጣ።

ድንች ሱሉልታ አይጠፋም። ሁለት ቀቀለች፣ ፈጨች፣ ከዘይቱኑ ጋር አሸችው። ማርቆስ ቀመሰ። ደገመ። ሠለሰ።

"እህ፣ አሁንስ?"

"ገና አልለየሁትም። እስቲ ዳቦ ጨምሪ።"

"አንተ ሌባ!" በጭልፋ አባረረችው፤ እኔ በባዶ ሆዴ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

9 ሰዓት

ኦቦ ቶሎሳ፣ ባለሆቴሉ፣ መኪናቸውን ትተው በእግራቸው መጡ። "አካም ጅርቱ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን አቧራቸውን እያራገፉ። አማተቡ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ አላመጡ። ሂሩት የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ሰውዬው ሁለተኛ ቁራሽ አነሡ።

"ይህን ቤይሩት ነው የተማርሽው?"

"ግማሹን ነው፣ ኦቦ።"

"ግማሹንስ?"

"ዛሬ።"

"ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥ ቤት ግቢ" አሉ። "ሽርጥ እኔ እሰጥሻለሁ።"

ሂሩት መጀመሪያ ዳቦ ቆርሳ ሳህኑን ጠረገች፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የለፋችበትን ገና አሁን መቅመሷ ነው።

"እሺ" አለች፣ አፏን እንደሞላች።