ስሟን ያልጠራው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ያርብ ማግስት» ይለዋል። ልብስ ሰፊና ቀጠሮ ድሮም ተስማምተው ስለማያውቁ፣ ቅጽል ስሙን የሰማ ሁሉ ደንበኛ ሲያመላልስ የወጣለት ይመስለዋል። ስም ማጥፋት ነው! ሰውየው በቀጠሮ አይታማም። ችግሩ «ቅዳሜ» ማለት አለመቻሉ ብቻ ነው። ደንበኛው ሱሪውን መቼ እንደሚወስድ ሲጠይቀው፣ «ያርብ ማግስት ብቅ በል» ይለዋል፤ ሱሪውም ያርብ ማግስት ተተኩሶ ይጠብቃል።

ከልጅነቱ ጀምሮ ቀ ቃል መጀመሪያ ላይ ስትመጣ ምላሱ ትታሰራለች። መሃል ከገባች ግድ የለም። በር ላይ ከቆመች ግን አታሳልፍም።

በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን ነገር ያውቃል። እኛ አፋችንን ስንከፍት ቃሉ እዚያው ምላሳችን ላይ የተወለደ ይመስለናል። እሱ ግን ሲመጣ ያየዋል። ነገሩ ገና ሳይወጣ ውስጡ ይሰለፋል፤ ድምፁ ሁሉ ተሰናድቶ ይሰማዋል። «ነገ ጠዋት መጥተሽ» እያለ ሳለ፣ ከፊቱ ቆማ የምትጠብቀው ቀ ትታየውና እዚያ ሳይደርስ ይታጠፋል። «ቀሚስሽን» ሊል የነበረው «ልብስሽን» ይሆናል። «ቀይ» የደም መልክ ትባላለች። ቁልፍን በጣቱ ይጠቁማታል። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለውን በጨርቅም በቃልም ኖሮበታል። ሰው ደግሞ አነጋገር አዋቂ ነው እያለ ያደንቀዋል። ያድንቅ፤ ምን ቸገረው!

የሚገርመው ሙያው ነው። ቀሚስ፣ ቁልፍ፣ ቁመት፣ ቅድ፤ ከፊደል ሁሉ መርጦ እንጀራውን ከጠላቱ ጋር አሰረው። ይሄ አልበቃ ብሎ ሚስት ሲሰጠው ስሟ በቀ የሚጀምር ሆነ።

ልብስ ልታሰፋ በመጣች ዕለት ስሟን ነገረችው። በሆዱ ደገመው፤ ያለ አንዳች እንቅፋት ሄደለት። በሆድ ማን ተንተባትቦ ያውቃል? ሊጠራት አፉን ሲከፍት ግን ደረቀ። እሷ ደግሞ አፏ የማያርፍ፣ ስትቸኩል የኋላው ድምፅ የፊተኛውን የሚቀድምባት፣ «ክርና መርፌ» ልትል «መርና ክርፌ» ብላ በራሷ የምትስቅ ሴት ናት። የሰውን ሁሉ ወሬ ከአፉ ነጥቃ ትጨርሳለች። የእሱን ግን አልነጠቀችም። እናቱ እንኳ አዝናለት ትጨርስለት ነበር፤ ደንበኛውም ይጨርስለታል፤ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይጨርስለታል። እሷ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ «ቀስ በል፤ የትም አልሄድም» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ልቡ የሄደው። በሕይወቱ አፉን ሲከፍት የሚጠብቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ያኔ ነበር፤ ስለዚህች በርጩማ እስከ ዛሬ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

ስሟ ግን ያን ዕለትም፣ ከተጋቡም በኋላ እምቢ አለው። በምትኩ «የኔ ዓለም» አላት፤ እንደዚያው ቀረ። የጎረቤት ሴቶች «ባል ማለት ይሄ ነው!» እያሉ ባሎቻቸውን ይነዘንዙበታል። እሷም፣ «ስሜ ቢከብደው ዓለምን አሸከመኝ» ትላለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ሆዱን ግን ይቆረቁረዋል። «የኔ ዓለም» ማለቱ ፍቅር ይሁን ሽሽት ሳትለየው እንዳትቀር ይፈራል። ልጆች አሳድገው ዳሩ፤ አንዴ እንኳ በስሟ ሳይጠራት ፀጉራቸው ሸበተ።

በቅርቡ የሐሞት ጠጠር አስቸገራትና ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ። ጠዋት በተሽከርካሪው አልጋ ሊወስዷት ሲሉ እጁን ያዝ አደረገችው።

«ስወጣ በስሜ ጥራኝ እሺ? ለታመመ ሰው ምንም አይነፈግም።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እጇ ግን በረዶ ነበር። «እሺ፣ እጠራሻለሁ» አላት።

ሲወስዷት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ስሟን በሆዱ ሰፋ፣ ፈታ፣ መልሶ ሰፋ። ከሱቅ ሲወጣ አንገቱ ላይ የረሳውን ሜትር በጣቱ ላይ ይጠመጥማል። በሆዱማ ደህና ይሄዳል፤ መቼ በዚያ በኩል ታምቶ!

ቆይቶ አንዲት ወጣት ነርስ ጠራችው። «ጋሼ፣ በደህና ወጥተዋል። መንቃት ላይ ነው የዘገዩት። እስቲ ያናግሯቸው፤ የለመዱት ድምፅ ይሻላል።»

አልጋዋ አጠገብ ቆመ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ያ የማያርፍ አፍ ዝም ብሏል። ፈራ። ውስጡ «የኔ ዓለም» እንደ ሁልጊዜው ተሰናድታ ቆማለች፤ አፉን ቢከፍት በራሷ ትወጣለች። ማንም አይታዘበውም። ወዲያኛው በር ላይ ደግሞ ያቺ ቀ አለች። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እያያት ሳይታጠፍ ሄደባት።

«ቀ...» አለ። «ቀ... ቀ... ቀ...»

የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከጎን ያለው አስታማሚ ዞሮ አየው። ነርሷ አንጀቷ አልችል አለና ካርዱን አይታ ስሙን ልትጨርስለት ስትል፣ እጁን አንስቶ ከለከላት።

«ቀ... ቀ...»

የሚስቱ ዓይን ሳይገለጥ ከንፈሯ ተላወሰ።

«ቀስ በል... የትም አልሄድም።»

ያኔ ወጣ። ተጎትቶ፣ ተሰባብሮ፣ ግን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ወጣ። ሚስቱ ዓይኗን ገልጣ አየችው። እሱ እንባውን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

ነርሷ ደስ አላትና ጎንበስ አለች። የነቃ ሰው ሁሉ የሚጠየቀውን ልትጠይቃት ነው። «ጎበዝ እናቴ! እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ፤ ማን ይባላሉ?»

«የኔ ዓለም» አለች ሴትዮዋ።

ነርሷ ቅር አላት። «ገና ነቃ አላሉም» ብላ ወደ ባልየው ዞረች።

«ነቅታለች ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው፣ እየሳቀም እያለቀሰም። «ከዚህ በላይ አትነቃም። ተመስገን!»