እግሬን ሳነሳ የሚመጣው ድምፅ

እኅቴ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት የአባታችን መኪና መንኳኳት ጀመረች። ድምፁ በብረት ምጣድ ላይ ገብስ የሚቆላ ይመስላል። ሽቅብ ስወጣ የለም፤ ሜዳ ላይ የለም። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ብቻ ከመቀመጫዬ ሥር ይጀምራል፤ መልሼ ስረግጠው ፀጥ ይላል። ቆሜ ስፈልገው የሚደበቅ ነገር ያናድደኛል፤ እኔ ደግሞ ለመናደድ ብዙ ምክንያት የምፈልግ ሰው አይደለሁም።

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ያችን መኪና የማያውቅ የለም። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር፤ ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀራት አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። መንዝ ይዟት ሲመጣ ያልሳቀበት ሰው አልነበረም፤ በጎች እንኳ በላይዋ አሻግረው ይተያያሉ ይሉት ነበር። እሱ ግን ሴት ልጁን በእሷ እንደሚድር ለሰማውም ላልሰማውም ሲናገር ኖረ። ካቻምና ሲሞት ቃሉ እኔ ላይ ወደቀ። ከዘመሮ የሚመጣው ሙሽራ ቁመተ ረጅም ቢሆንም ከኋላ ታጥፎ ለመቀመጥ ተስማምቷል፤ ሚዜዎቹ በዚህ ሲያሾፉበት ሰንብተዋል።

የሚያስጨንቀኝ መንገዱ ነበር። ወደ ዘመሮ ስንሄድ የምንወርደው ረጅም ቁልቁለት አለ፤ በአንድ በኩል ገደል ነው። እግሬን የማነሳው እዚያ ነው። እኅቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ያ ድምፅ ጀምሮ፣ ከሥራችን አንድ ነገር ሲበጠስ በዓይነ ሕሊናዬ እየመጣ እህል አልወርድልህ አለኝ።

መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩ። የጭስ ማውጫውን አሰርኩ፣ የመቀመጫዎቹን ቡሎን አጠበቅኩ፣ ከኋላ የተቀመጠውን ክሪክ ሳይቀር አውጥቼ ቤት አስገባሁ። ድምፁ አልሄደም። ቀጥሎ ለአንድ ወጣት መካኒክ ሰጠኋት። ፍሪሲዮኑን አየ፣ ዲፈረንሻሉን ፈታ፣ ምንም አላገኘም፣ መልሶ ገጠመ። ከዚያ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው ይሆናል አለኝ። በዚህ መሐል ሁለት ሳምንት አለፈ። ያን ዕለት ለልጁ የተናገርኩትን እዚህ ባልደግመው ይሻላል።

ሐሙስ ደረሰ፤ ሠርጉ እሑድ ነው። እኅቴ ግቢ ገብታ ከመኪናዋ ሥር የወጡትን እግሮቼን ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ «ወንድምጋሼ፣ በሚኒባስ ብሄድ ምን አለበት? አንተ እንዲህ ከምትሆን ይቅርብኝ» አለችኝ። የተናገረችው ለእኔ አዝና ነው። እኔ ግን አባቴን በሁለታችን ፊት ውሸታም ያደረገችው መሰለኝና ከተጋደምኩበት ሳልነሳ ሂጂ አልኳት።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፤ መኪናዋን ከአባቴ ጋር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ መካኒክ። ችግሩ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ደንበኞቻቸውም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሄደዋል። ድምፅ የማይሰማ ሰው ድምፅ ሊፈልግልኝ ነው ብዬ፣ ያን ሁሉ ቀን በደጃቸው ሳልፍ እንዳላየ ሆኜ ነበር የማልፈው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ሁሉንም በጆሯቸው እየጮህኩ ነገርኳቸው። ጋሼ አፌን እያዩ በትዕግሥት አስጨረሱኝና፣ «አትጩህብኝ። ጩኸትህ አይሰማኝም፤ ፊትህ ግን ያስፈራል» አሉኝ።

ከመሣሪያቸው መሐል ረጅሙን ካቻቢቴ መርጠው በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው ይዘውት መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ብረት በጥርስ ይሰማል አሉኝ፤ ጆሯቸው ከሄደ ወዲህ የሚሠሩት እንዲያ ነው። ቁልቁለቱ አናት ስንደርስ የካቻቢቴውን ጫፍ ከማርሹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተክለው እጀታውን ነክሰው ያዙ። ጭጋግ ወርዶ ከፊታችን ያለው መንገድ በቅጡ አይታይም። በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ እግሬን አነሳሁ።

ገብሱ መቆላት ጀመረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጫፉን ወደ ሞተሩ አስጠጉና እዚህ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ታች ወርደን ዞረን ወጣን፤ ደግመን ወረድን። በሁለተኛው ካቻቢቴውን ወደ ኋላ፣ ወደ ክርኔ አመጡት። በሦስተኛው ገና ግማሽ ሳንደርስ ዓይናቸውን ገለጡና በመዳፋቸው ዳሽቦርዱን መቱ። በዚያው ቅጽበት ከወለሉ ሥር አንድ ነገር በኃይል ረገጠኝ። ፍሬኑን ያዝኩ። መኪናዋ ትንሽ ተንሸራትታ ቆመች። እሳቸው ወርደው ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ሲያደርጉ እኔ መሪውን እንደጨበጥኩ ነበር።

ተመልሰው ገብተው አጎነበሱና አሸተቱ። የተቃጠለ ጠጉር ይሸተኛል አሉ። ሰውዬው ጆሮ ብቻ ሳይሆን አእምሮም አልቀረላቸውም ብዬ አሰብኩ። የማርሹን ሥር የሸፈነውን ቆዳ አንስተው እጃቸውን በቀዳዳው እስከ ክርናቸው ከተቱና አንድ ነገር መጎተት ጀመሩ። ጥቁር ነው፣ በግራሶ የተለወሰ፣ እንደ ገመድ የተጠመጠመ። ጎትተው ጎትተው አላልቅ አላቸው። መጨረሻው ሲወጣ ጠርዙን አየሁት፤ ባና ነው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ።

ሞተሩ በርዶ፣ ሥሯ ገብተው የዘንጉን መሸፈኛ ቆርቆሮ ከፈቱ በኋላ አስረዱኝ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጠጉሩን ስቦ መጋጠሚያው፣ ክሮቸራው ላይ ጠምጥሞታል። ጠጉሩ የክሮቸራውን ግራሶ ጠጥቶ አድርቆታል። በዚያ ላይ ጥብቅ አድርጎ ስላሰረው በእጅ ሲወዘውዙት ደህና ይመስላል፤ መላላቱ የሚታወቀው ስንወርድ ብቻ ነው። እሑድ ሰው ጭና ብትወርድ ዘንጉ መሬት ይወርድ ነበር አሉኝ።

«እዚህ ውስጥ ባና የከተተ ማነው?»

አወቅኩት። ያን ጠዋት ሁሉን አስታወስኩት። ካቻምና ኅዳር ነበር፤ የጓሳው ሣር በውርጭ ነጥቷል። አባቴን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስወስደው ብርዱ በማርሹ ቀዳዳ እየገባ እግሩን ይገርፈዋል። ይሄ ብርድ ከየት ነው የሚገባው እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እኛ አገር ለብርድ መልሱ ጠጉር ነው፤ በርም ቢያስገባ፣ ግድግዳም ቢቀደድ የምንወትፈው እሱኑ ነው። መኪናዋን አቁሜ ከለበሰው ባና ጫፍ ቀደድኩና ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩት። አሁን ደህና ነው አለኝ። ሲመለስ ሬሳ ሆኖ በሌላ መኪና ነው የመጣው፤ እኔም ቀዳዳውን ከዚያ ወዲህ አላሰብኩትም።

እኔ ነኝ አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ አፌን እያዩ ጠበቁኝ። ሰው በሌለበት ቁልቁለት ላይ፣ በጭጋጉ መሐል፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤ «አባቴን በርዶት ነው!»

ያንን ሰሙት። ጠጉሩን ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝና፣ «ለእሱ ደግ አድርገሃል። በዚህች ላይ ግን ክፉ ሠርተህባታል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳላፍር አለቀስኩ።

ከአሮጌ ፒክአፕ የወጣ ክሮቸራ ሞርደው በልኩ አድርገው ዓርብ ማታ ገጠሙት። ቅዳሜ ካቻቢቴውን ነክሰው ቁልቁለቱን ሦስት ጊዜ ወረድን፤ ሦስቴም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምንም የለም። ለቀዳዳው ልኩ የሆነ ላስቲክ እስኪገኝ ክፍቱን ይቆይ አሉና ምንም እንዳልጠቀጥቅበት አስማሉኝ።

እሑድ ሙሽራው ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ፣ እኅቴ በነጭ ቀሚሷ አጠገቤ ሆና ወጣን። ከቁልቁለቱ አናት ላይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ከጎማው በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ግማሽ እንደወረድን እኅቴ እግሮቿን ሰብስባ ወደ ወለሉ አየች።

«ወንድምጋሼ፣ ይሄ ብርድ ከየት ነው የሚገባው?»

በአንድ እጄ መሪውን ይዤ በሌላው ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩና እግሯ ላይ ጣልኩላት። ጫፉ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ አጥብቃ እንድትይዘው ነገርኳት።