የወጌሻው ወንድሜ እጅ

እንግዲህ ጉልበቴን ሲያመኝ ዝም ነው፤ የሚያሸኝ የለም። ታላቅ ወንድሜ ወጌሻ ነበሩ። ሰው "አመመኝ" ሲላቸው መልስ ሳይሰጡ እጃቸው ይቀድማል።

የራሳቸው እግር ሲያብጥም "ቅቤ አምጡ" አሉ። ነርሷ ልጄ ከምትሠራበት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ደርሳ ከለከለች።

"አይንኩት። የረጋ ደም ይመስለኛል። ፕላትሌት የሚባሉት የደም አርጊዎች ነጭ የደም ሴሎችን ይይዙና ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቋቸዋል፤ ደሙም እዚያው ይረጋል። ከታሸ ተነቅሎ ሳንባ ይገባል፤ ይገድላል።"

"ወለምታሽን ያሸሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ልታስተምሪኝ?"

በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ይዘናቸው ወጣን። መኪናው በነጠረ ቁጥር እጃቸው ወደ እግራቸው ይሮጣል። ሁለቱንም እጃቸውን ጨምድጄ ያዝሁ።

"ልቀቀኝ አንተ። የራሴ እግር ነው።"

"አልለቅም።"

"ታናሼ ሆነህ?"

"ታናሽም ብሆን አልለቅዎትም፣ ጋሼ።"

ከሆስፒታሉ በር ስንደርስ እንዲወርዱ ብዬ እጃቸውን ለቀቅሁት። ወደ እግራቸው አልሄደም። ትንፋሻቸውን ባዳምጥ የለም።

ልጄ እያለቀሰች "ሳይታሽም ይነቀላል፣ አባባ" አለችኝ።

ልቀቀኝ ማለታቸውን መንገዱ ላይ የት እንደተዉት አላወቅሁም።