ያባራና እንቀጥላለን

አያቴ ዝናብ የቤታችንን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ወሬያቸውን ከመሃል ያቋርጡ ነበር። እጃቸውን አንስተው «ያባራና እንቀጥላለን» ይላሉ፤ ሲያባራም ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ቦንጋ ዝናብ አያጣም፤ የሳቸውም ወሬ እንዲሁ ሲቆምና ሲቀጥል ኖረ።

ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ ቤት አስታምሟቸው» ብሎ ከመለሳቸው በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ ማስታገሻ ክኒን ይዛ ትመጣ ነበር። «አባባ፣ ሲያምዎት አይደብቁ» ስትላቸው «ደህና ነኝ ልጄ» ይሏታል። ዝናብ ሲመጣ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያቃስታሉ። የቆርቆሮው ጩኸት የሚሸፍንላቸው መስሏቸው ነው። እኔና እናቴ አጠገባቸው ተቀምጠን ሁሉንም እንሰማለን። ክኒኑ ምንም አልሠራም።

በመጨረሻው ቀን እናቴን ጠርተው «ስሚ ልጄ፣ ማንኪራ ጫካ የሰቀልኩትን ቀፎ...» ሲሉ ዝናቡ መጣ። እጃቸውን ትንሽ አነሱ። እንደ ልማዳችን ጠበቅን። ሲያባራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወድቆ ነበር።

ዛሬም ሲዘንብ እናቴ የያዘችውን አስቀምጣ ታዳምጣለች። ከቆርቆሮው ጩኸት ሥር የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ ያባራል፤ የሚቀጥል ግን የለም።