ዛሬ ማዳምን ሆኜ ዋልኩ

ዛሬ ሻማ ገዝቼ ስመለስ ዘበኛችን ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ቦንዡር ማዳም» አለኝ። ሦስት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ አንድ ቀን ተነስቶልኝ አያውቅም።

የምሠራበት ቤት የማዳም ልጅ ልደት ነበር፤ ሁሉም ሌላ ሰው መስሎ ይምጣ ተባለ።

እኔ ደግሞ ድሬዳዋ የአባቴን ኮት ለብሼ ጎረቤት ሳስቅ ያደግኩ ነኝ። የማዳምን ባርኔጣና መነጽር ሳላስፈቅድ አደረግኩ። ሽቶዋንም፣ ትንሽ።

ማዳም ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። በቃ ተባረርኩ ብዬ በሐሳቤ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

እሷ ግን ኩሽና ገብታ የእኔን ሽርጥ አሸርጣ፣ ትሪ ይዛ ወጣች። እንግዶቹ በሳቅ ሞቱ።

ሳህን ማጠብ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ወደየራሳችን ተመለስን።

እናንተስ ማንን መስላችሁ ማንን ሸውዳችሁ ታውቃላችሁ? ዘበኛው እንደሆነ እስካሁን አኩርፎኛል።